የጡት መበላለጥን ለማስተካከል የሚደረግ ቀዶ ሕክምና በጤና መድን ይሸፈናል?

እኅተ አዘዞ፦

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። የምጠይቀው ስለ ታናሽ እኅቴ ነው። ዕድሜዋ 20 ዓመት ነው፤ የምንኖረውም ጎንደር፣ አዘዞ ውስጥ ነው። የግራ ጡቷ ከቀኙ በጣም ያንሳል፤ ልዩነቱ በልብስ ላይ እንኳ ይታያል። ብዙ ሴቶች መጠነኛ መበላለጥ እንዳለባቸው አውቃለሁ፣ የእርሷ ግን ከዚያ ያለፈ ነው። ከ14 ዓመቷ ጀምሮ ጡት ማስያዣዋ ውስጥ በግራ በኩል ጨርቅ አጥፋ ትለብሳለች፤ በበጋ ሐሩር ሳይቀር ነጠላዋን ከደረቷ ላይ አታወርድም። ባለፈው ዓመት ለጥምቀት ቀሚስ ልናሰፋላት ወስደናት፣ ልብስ ሰፊው ሜትሩን ሊያሳርፍ ሲል እያለቀሰች ወጣች። ዘመዶቻችን ነገሩን ሳያውቁ «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» እያሉ ሲቀልዱ እርሷን የነኳት መስሏት፣ በዓሉን ቤት ዘግታ ዋለች።

ቤተሰባችን የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ነው። አባታችን መዋጮውን በየዓመቱ ሳያቋርጥ ከፍሏል፤ ደብተሩም ታድሷል። በግል ለማሠራት የጠየቅነው ዋጋ ከአባታችን የዓመት ገቢ ስለሚበልጥ ተስፋ የጣልነው በዚሁ መድን ላይ ነው። እንዲህ ያለውን ቀዶ ሕክምና ይሸፍናል ወይ? ካልሸፈነስ ሌላ ሕጋዊ መንገድ አለ? አሜሪካ የምትኖር አክስታችን ደግሞ «እዚህ መድን ድርጅቶች ይህን እንዲከፍሉ በሕግ ይገደዳሉ» ብላ ለእናቴ ስለነገረቻት፣ ነገሩ እውነት እንደሆነና እኛን ይመለከት እንደሆነ የሚያውቅ ቢያስረዳን አመሰግናለሁ። (ይጠቅም እንደሆነ አላውቅም እንጂ፣ የአራት ዓመት ልጅ ሳለች የፈላ ሽሮ ከምድጃ ላይ ተገልብጦ ደረቷንና ብብቷን አቃጥሏት ነበር፤ ጠባሳው አሁንም አለ።)

መዝገብ ያዥ፦

እኅቴ፣ በአንድ ወረዳ የጤና መድን ጽሕፈት ቤት ለጥቂት ዓመታት ሠርቻለሁና ስለ አሠራሩ የማውቀውን ልንገርሽ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች በ13 ወረዳዎች በሙከራ ሲጀመር፣ ከአማራ ክልል ተሁለደሬ፣ ደቡብ አቸፈርና ጎረቤታችን ፎገራ ነበሩበት። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የጥቅም ዝርዝሩ ተመላላሽና ተኝቶ ሕክምናን፣ መድኃኒትን፣ የላቦራቶሪና የምስል ምርመራን፣ ቀዶ ሕክምናንም ይጨምራል። የማይጨምራቸውን ደግሞ በስም ይዘረዝራል፦ የውጭ አገር ሕክምና፣ መነጽር፣ ሰው ሠራሽ ጥርስና ለውበት ሲባል የሚደረግ ቀዶ ሕክምና። ጡት ማስተካከል በአብዛኛው የሚመደበው በዚህ በመጨረሻው ስለሆነ፣ ይሸፈናል ብዬ ተስፋ ልሰጥሽ አልችልም። አባትሽ በመንግሥት ወይም በድርጅት ተቀጥሮ ቢሆን ኖሮም ነገሩ የሚሻል አይመስለኝም፤ በአዋጅ ቁጥር 690/2002 የተደነገገው የማኅበራዊ ጤና መድን፣ ሠራተኛው 3 በመቶ አሠሪውም 3 በመቶ እንዲያዋጡ የታሰበበት ቢሆንም፣ ለብዙ ዓመታት ሥራ ላይ ሳይውል የቆየ ከመሆኑም በላይ የውበት ቀዶ ሕክምናን እርሱም አይሸፍንም።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር አረጋግጪ። አባልነቱ በቤተሰብ ነው ሲባል አባት፣ እናትና ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ማለት ነው። 18 ዓመት የሞላው ልጅ በዚያው ቤት እየኖረ እንዲታከም ተጨማሪ መዋጮ ይከፈልለታል። በእኔ ጊዜ ብዙ ቤተሰብ ይህን የሚያውቀው ልጁ ታሞ ካርድ ክፍል ሲደርስ ነበር። ደብተሩን ገልጠሽ የእኅትሽ ስምና ፎቶ መኖሩን ተመልከቺ።

ታዛቢ፦

ፈጣሪ የሰጠውን መቀበል አይሻልም? እኅትዎ ጤነኛ ናት፤ ለመልክ ተብሎ ቢላዋ ሥር መግባትና የድሃ ገንዘብ ማባከን ለእኔ አይታየኝም። መድኑም የተቋቋመው ለታመመ ሰው ነው።

የቀዶ ሕክምና ባለሙያ፦

ታዛቢ፣ መድኑ ለታመመ ሰው መሆኑ ትክክል ነው። ችግሩ ይህች ልጅ ጤነኛ መሆኗን ማናችንም አለማየታችን ነው። ጠያቂዋ በቅንፍ ያስቀመጠችው ዓረፍተ ነገር ከጥያቄው ሁሉ ይበልጣል።

እኅተ አዘዞ፣ ጡት የሚበላለጥበት ምክንያት ብዙ ነው። በጉርምስና ጊዜ ሁለቱ እኩል ሳያድጉ የሚቀሩበትና ሌላ ምክንያት የማይገኝለት አለ፤ ብዙውን ጊዜ የሚያጋጥመው ይኸው ነው። በአንዱ ጡት ውስጥ በወጣቶች ላይ የሚያድግ፣ ካንሰር ያልሆነ እጢ ሊኖር ይችላል፤ ይህ በወራት ውስጥ በፍጥነት ስለሚያድግ አንዱ ጡት በድንገት ከሌላው ሲበልጥ መጀመሪያ መፈለግ ያለበት እርሱ ነው። ከልደት ጀምሮ በአንድ ወገን የደረት ጡንቻ ሳይፈጠር የሚቀርበት ሁኔታም አለ፤ እርሱ ግን ጥቂት ሰው ላይ ብቻ የሚታይ ነው። በአገራችን ደግሞ ምድጃው ከመሬት፣ ልጁም ከምድጃው አጠገብ ስለሆነ፣ የልጅነት ቃጠሎን መርሳት አይገባም። ሴት ልጅ ከጉርምስና በፊት ደረቷ ሲቃጠል ከሁለት አንዱ ይሆናል። ቃጠሎው ጠልቆ የጡቱን ቡቃያ አጥፍቶት ከሆነ በዚያ በኩል ጡት አያድግም። ቡቃያው ተርፎ ቆዳው ብቻ ጠባሳ ሆኖ ከሆነ ግን ጡቱ ከሥር ያድጋል፣ ጠባሳው ስለማይለጠጥ ተጨፍልቆና ወደ ጎን ተጎትቶ ይቀራል፤ ከውጭ ለሚያየው ያላደገ ይመስላል።

ብብቷም ስለተቃጠለ አንድ ነገር ሞክሩ። እኅትሽ ሁለቱን እጆቿን ቀጥ አድርጋ ወደ ላይ ታንሳ። ግራው ከትከሻዋ በላይ አልወጣ ካለ፣ ወይም ሲነሳ ጡቱን አብሮ የሚጎትት ከሆነ፣ ይህ የጠባሳ መኮማተር ነው። እርሱን ለማላቀቅ የሚደረገው ቀዶ ሕክምና የክንድን እንቅስቃሴ የሚመልስ ሕክምና ስለሆነ «ውበት» ከሚለው ዝርዝር ውስጥ የሚገባ አይደለም። ጠባሳው ይከፈትና ባዶ የሚቀረው ቦታ አብዛኛውን ጊዜ ከጭን በሚወሰድ ቆዳ ይሸፈናል። ከሥር የተረፈ ጡት ካለ ተላቅቆ ቦታውን ይይዛል። በ20 ዓመቷ እድገቷ ያበቃ ስለሆነ ግን ከቀኙ ጋር እኩል ይሆናል ብዬ አልዋሽሽም። ከዚያ በኋላ የሚቀረውን ልዩነት ለማጥፋት ቀኙን መቀነስ ወይም ግራውን በሰው ሠራሽ አካል መሙላት፣ መድኑ ዘንድ በእርግጥም እንደ ውበት ሊቆጠር ይችላል። ሰው ሠራሹ ደግሞ ዕድሜ ልክ የሚቆይ አይደለም፤ ከዓመታት በኋላ የመቀየሪያው ወጪ ይመጣል።

መንገዱ እንዲህ ነው። በቀጥታ ወደ ሆስፒታል አትሂዱ፤ ከጤና ጣቢያ ጀምሩና በሪፈር ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ቀዶ ሕክምና ክፍል ሂዱ። ደረጃውን የዘለለ አባል የወጪውን ግማሽ ራሱ እንዲከፍል የሚያደርግ አሠራር ስላለ ሪፈሩ ገንዘብ ነው። ጤና ጣቢያም ስትገቡ «ጡቷ ይበላለጣል» ብላችሁ አትጀምሩ፤ በልጅነቷ መቃጠሏን፣ እጇ የማይነሳ ከሆነም አለመነሳቱን ተናገሩ። ይህን የምላችሁ ባለሙያውን እንድታታልሉ አይደለም፤ ካርዱ ላይ የሚጻፈው እናንተ የነገራችሁት ስለሆነ ነው። ፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልጋት ከሆነ በዚህ ሙያ የቆየው የአዲስ አበባው የካቲት 12 ሆስፒታል ነው፤ ወደዚያ ከመሄዳችሁ በፊት ግን የእናንተ መድን እዚያ ይሠራ እንደሆነ ከጽሕፈት ቤቱ በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ያዙ፤ መጓጓዣና ማረፊያውንም ከኪሳችሁ አስቡ።

ከሜሪላንድ፦

አክስትሽ የነገረቻችሁ ግማሹ እውነት ነው። እዚህ በ1998 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የወጣ የፌዴራል ሕግ አለ፤ ጡትን በቀዶ ሕክምና የማስወገድን ወጪ የሚከፍል መድን፣ የተወገደውን ጡት መልሶ የመሥራትንና ሌላኛውን ከእርሱ ጋር የማመጣጠንን ወጪም እንዲከፍል ያስገድዳል። ሕጉ በአብዛኛው የሚጠቅመው በካንሰር ምክንያት ጡታቸው የተወገደባቸውን ሴቶች ነው። ሳይወገድ ከተፈጥሮ የተበላለጠ ጡትን በተመለከተ ግን እዚህም ቢሆን ብዙ መድኖች «ውበት ነው» ብለው ይመልሳሉ። ትልቁን ለማስቀነስ ቢጠየቁም ስንት ግራም ሥጋ እንደሚወጣ ከሰውነት ስፋት ጋር በሰንጠረዥ ያመዛዝናሉ፤ የጀርባና የትከሻ ሕመም በሐኪም ተመዝግቦ እንዲቀርብላቸውም ይጠይቃሉ። የልጄ ጓደኛ ሦስት ጊዜ ማመልከቻ አስገብታ ሦስት ጊዜ ተመልሶባታል። ያም ሆነ ይህ የዚህ አገር ሕግ አዘዞ ላለች ልጅ አይሠራም።

መዝገብ ያዥ፦

ሐኪሙ ልክ ናቸው፤ ቅንፏን ሳላነብ አልፌያታለሁ። ይህ ከሆነ እኔ የሰጠሁት መልስ የሚጸናው ለማመጣጠኑ ብቻ ነው። የጠባሳ ማላቀቅ ሲመጣ እንደ ማንኛውም ቀዶ ሕክምና እንከፍል ነበር። የደብተሩን ነገር ግን አትርሺ።

እኅተ አዘዞ፦

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመለስኩ፤ ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ባለሙያው እንዳሉት እጇን አስነሳናት፤ ግራው ከትከሻዋ ትንሽ እንኳ አላለፈም። ስድስት ዓመት ሙሉ ስለ ጡቷ ስታለቅስ አንድ ቀን እንኳ «እጅሽን አንሺ» ያላት ሰው አልነበረም፤ እርሷም ጸጉሯን በአንድ እጇ መሥራት ልማዷ ሆኖ ኖሯል።

የደብተሩም ነገር እንደተፈራው ሆነ። ስሟ ከ18 ዓመቷ በኋላ ተነሥቷል፤ አባቴ ይህን አያውቅም ነበር። ተጨማሪውን መዋጮ ከፍለን የምናስመዘግባት በሚቀጥለው የእድሳት ወቅት ነው ስለተባለ፣ የካርዱንና የአልትራሳውንዱን ከኪሳችን ከፈልን። እጢ አልተገኘም፤ ከጠባሳው ሥር ግን የጡት ሥጋ እንዳለ ታይቷል። ሐኪሙ የክንዷን እንቅስቃሴ ለክቶ የጠባሳ መኮማተር ብሎ ጽፏል። በመድኑ መስኮት ስንጠይቅም አባልነቷ ሲጸና በዚህ ምክንያት የሚደረገው ቀዶ ሕክምና እንደሚሸፈን፣ ቀኙን የመቀነሱ ነገር ግን እንደማይሸፈን ነግረውናል። ቀጠሮው ከእድሳቱ በኋላ እንዲሆን ተስማምተናል።

አሁን እኅቴን የሚያሳስባት ግን ሌላ ነው። ከጭኗ የሚወሰደው ቆዳ እዚያም ጠባሳ ይተው እንደሆነ እንድጠይቅላት አዝዛኛለች።

የቀዶ ሕክምና ባለሙያ፦

ይተዋል፤ አልደብቃትም። የሚነሳው የቆዳው ስስ ገጽ ስለሆነ ቦታው በሁለት ሳምንት ገደማ ይድናል፣ ቀለሙ ግን ከአካባቢው ቆዳ የተለየ ሆኖ ሊቀር ይችላል። ከጭኗ የትኛው ቦታ እንዲወሰድ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ሐኪሙን ትጠይቅ፤ ከጭን ላይኛው ክፍል ከሆነ በቀሚስ ይሸፈናል። ከዚህ ይልቅ እንድታስብበት የምፈልገው ከዚያ በኋላ ያሉትን ወራት ነው። የተተከለ ቆዳ እንደገና ይኮማተራል፤ በየቀኑ ክንዷን ወደ ላይ ካልዘረጋች፣ የፊዚዮቴራፒ ቀጠሮዋንም ካቋረጠች፣ እጇ ወደነበረበት ሊመለስ ይችላል። ጠባሳ እስኪረጋ ወደ አንድ ዓመት ይወስዳል። ቀኙን ስለ መቀነስ የምትወስነውም ያን ጊዜ ነው እንጂ አሁን አይደለም።