የልቦለድ ትንተና ስጽፍ ታሪኩን መተረክ እንዴት ልተው?

የሳቢያን ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ድሬዳዋ ነው የምማረው፤ አማርኛ ሥነ ጽሑፍ፣ ሁለተኛ ዓመት። በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ላይ የአምስት ገጽ ትንተና ጻፉ ተባልን። መጽሐፉን በጣም ነው የምወደው። ፍቅረኞቹን ሰብለንና በዛብህን እንደ ጎረቤት ነው የማውቃቸው። ረቂቄን ሳሳየው መምህሬ ኅዳጉ ላይ «ይሄ ትረካ ነው፤ ያንቺ ሐሳብ የታለ?» ብሎ ጻፈልኝ። «ደራሲው የባላባት ሥርዓትን ይተቻል» ብዬ ነበር እኮ። አይበቃም? እባካችሁ በምሳሌ አሳዩኝ።

የከዚራው ጡረተኛ፦
የኔ ልጅ፣ ዕድሜዬን የፈጀሁት አማርኛ በማስተማር ነው፤ ጥያቄሽ ደስ አለኝ። «የባላባት ሥርዓትን ይተቻል» ብትዪ ማንም አይቃወምሽም። ችግሩም እሱ ነው። ተከራካሪ የሌለው ሐሳብ አምስት ገጽ አያስኬድም። ጠበብ አድርጊው። አንድ ሰው ያዢ፤ የሰብለን አባት ፊታውራሪ መሸሻን እንበል። ለሰብለ ጠያቂ ሲመጣ በዘር ማነስ ይመልሳሉ። ዓመታት ያልፋሉ። በመጨረሻ ሰብለ ሳትወልድ መንኩሳ ትሞታለች። እንግዲህ እንዲህ ብለሽ ጀምሪ፦ «የፊታውራሪን ዘር ያስቀረው የራሳቸው የዘር ኩራት ነው።» ይሄን አንድ ሰው ተነስቶ «የለም!» ሊልሽ ይችላል። ስለዚህ ማስረጃ ትፈልጊያለሽ። ገጹ የሚሞላው በሱ ነው።

ጥቅስ አስቀምጦ መሮጥ ደግሞ አለ። ጠያቂ ሲመለስ የሚባለውን አውጪ፤ ሁለት መስመር ይበቃል። ከዚያ እዚያው ቁሚ። ማን ነው የሚናገረው? ሰብለስ ትጠየቃለች ወይስ ሌሎች ይወስኑላታል? ከጥቅሱ በታች ያንቺ ቃል ከጥቅሱ ይብለጥ። ታሪኩን ክርክርሽ በጠየቀው ልክ ብቻ ንገሪን፤ መምህርሽ መጽሐፉን አንብቦታል።

ጉዱ ካሳም አለ። ተማሪው ሁሉ የሱን ንግግር ይጠቅስና «ሀዲስ ዓለማየሁ እንዲህ ይላሉ» ይላል። ኧረ ተናጋሪው ደራሲው ሳይሆን ገጸ ባሕርዩ ጉዱ ካሳ፣ ማለትም ካሳ ዳምጤ ነው! ያውም አገሬው እንደ እብድ የሚያየው ሰው። ደራሲው ያን ሁሉ ትችት ለምን በሱ አፍ አደረጉት? ይሄ ለብቻው አንድ ድርሰት ይወጣዋል።

የጀጎል ልጅ፦
አቦ ጋሼ፣ ተባረኩ! ከሐረር ነኝ። ግን በዛብህን ዓባይ በረሃ ላይ የጣሉት ወንበዴዎች እንጂ ፊታውራሪ አይደሉም። ይሄ የዘር ኩራት የሚለውን አያፈርሰውም?

የከዚራው ጡረተኛ፦
ጎበዝ! አያፈርሰውም፤ ግን አይታለፍም። በዛብህ ያ መንገድ ላይ ምን ወሰደው? ፊታውራሪን ፈርቶ አዲስ አበባ ባይሸሽ ኖሮ ዓባይን ተመልሶ ባላቋረጠ ነበር። ቢሆንም የአጋጣሚ ድርሻ አለ፤ እሱን አልክድም። ልጄ፣ ለዚህ ሙሉ አንቀጽ ስጪው። የሚቃወምሽን ነገር ራስሽ አንስተሽ ስትመልሺ ነው አንባቢ የሚያምንሽ።

የሳቢያን ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ! በፊታውራሪ እጀምራለሁ። አንዲት ነገር ብቻ፦ የኔ መጽሐፍ በቅርብ የታተመ ነው። ስጠቅስ የቱን ዓመት ልጻፍ?

የጀጎል ልጅ፦
እጅሽ ላይ ያለውን። የገጽ ቁጥሩ ከሕትመት ሕትመት ሊለያይ ይችላል። መጀመሪያ የወጣው በ1958 ዓ.ም. መሆኑን መግቢያሽ ላይ ጥቀሺው። ስሙን ደግሞ «ሀዲስ» ብለሽ ነው የምትጀምሪው፤ እኛ አገር በአባት ስም አንጠቅስም።