የታላን ዳገት በ28 ጥርስ የብስክሌት ማርሽ መውጣት ይቻላል?

ሰላም ወገኖች። የምኖረው ስኮትላንድ ውስጥ፣ ከኤድንብራ በስተደቡብ፣ ትዊድ ወንዝ ዳር ባለችው ትንሿ ፒብልስ ከተማ ነው። ብስክሌቴ የአስፋልት ነው። ጎማው 25 ሚሊ፣ የፊት ትንሹ ማርሽ 34 ጥርስ፣ የኋላ ትልቁ 28።

ባለፈው እሁድ በትራኳየር ወጥቼ፣ ሴንት ሜሪስ ሐይቅን ይዤ፣ በሜጌት ግድብ በኩል ወደ ታላ ተሻገርኩ። እስከዚያ መንገዱ ነፍስ ያድሳል፤ ከመኪና በግ ይበዛል። ወደ ታላ ግድብ የሚወርደው ቁልቁለት ግን 20 በመቶ ገደማ ነው። ዘንቦ ስለነበር ፍሬኑ አልይዝ አለኝ፤ ወርጄ እየገፋሁ ጨረስኩት።

ይሄን እንኳን ቻልኩት። ያስመረረኝ ከትዊድስሚዩር መንደር በኋላ ያለው ኤ701 የተባለው ዋና የመኪና መንገድ ነው። ጭነት መኪና ክርኔ ስር ሽው ሲል መሪው እጄ ላይ ተንቀጠቀጠ። ወደ ድራምልዚየር እስክታጠፍ ትንፋሼን ውጬ ነው የነዳሁት። ከዚያ በስቶቦ በኩል እስከ ቤት ሰላም ነው።

ካርታ ላይ ሌላ መንገድ ፈለግኩ፤ ለዚህ ቀጭን ጎማ የሚሆን አጣሁ። አሁን ያሰብኩት ዙሩን ገልብጬ፣ ኤ701ን መኪና ሳይበዛ በማለዳ ማለፍ ነው። ያኔ ግን የታላው ቁልቁለት ዳገት ሆኖ ይጠብቀኛል። እንደኔ ባለ ማርሽ ሳይወርድ የወጣው አለ?