ከቁማር ለወጣ ሰው፦ ካሲኖ አካውንት ውስጥ የቀረ ገንዘብ እንዴት ይወጣል?

የኮዬዋ ባለሱቅ

ሰላም ለሁላችሁ። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው፤ ብሎኩ ሥር ትንሽ ሱቅ አለችኝ። የምጠይቀው ስለ ታናሽ ወንድሜ ነው። በስልኩ የውጭ አገር ኦንላይን ካሲኖ ይጫወት ነበር፣ ሌሊቱን ሙሉ። ደሞዙ አልቆ የእናታችን የዕቁብ ብር ሳይቀር ተበልቷል። በስንት ልመናና ጸሎት አምና፣ 2016 ሁዳዴ ሲገባ ተወው። አሁን ቱሉ ዲምቱ ጋራዥ ውስጥ ይሠራል። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነው።

ሰሞኑን ኢሜይል መጣለት። «አካውንትህ ለረጅም ጊዜ አልተንቀሳቀሰም፤ በ30 ቀን ውስጥ ካልገባህ በየወሩ 5 ዩሮ እንቆርጣለን» ይላል። ውስጡ 87 ዩሮ አለ። ሲተወው ዩሮ በባንክ 60 ብር አካባቢ ነበር፤ አሁን ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ለእኛ ቤት ትልቅ ገንዘብ ነው። ኢሜይሉን ያሳየኝ ራሱ ነው። «ልግባና ላውጣው?» ሲለኝ አፌ ተሳሰረ። ይቅርብህ እንዳልለው ላቡ ነው። ግባ እንዳልለው እፈራለሁ። እውነት ይቆርጣሉ? መብትስ አላቸው? ሳይጫወት የሚያወጣበት መንገድ ካለ ንገሩኝ።

ጎሮ

አንዴ ገብቶ በትንሽ ብር ይጫወትና ያንቃው። የኔን እንደዛ ሳደርግ መቁረጡን አቁመዋል።

የአባዶ ልጅ

እህቴ፣ ይህን ምክር እባክሽ አትስሚ። ጎሮ ቅር አይበልህ፤ ላንተ ሠርቶልህ ይሆናል። ቁማር ትቶ አንድ ዓመት ለቆየ ልጅ ግን «አንዴ ተጫወት» አይባልም።

እኔ የካ አባዶ ነኝ። ከቤቴ ሆኜ ለአንድ የውጭ ካሲኖ በቻት ደንበኛ አስተናግድ ነበር፣ በማታ ፈረቃ። የዚህ ዓይነት ጥያቄ የማይመጣበት ሌሊት አልነበረም።

መቁረጡ እውነት ነው። ሲመዘገብ «እስማማለሁ» ብሎ ባለፈው ውል ውስጥ አለ። ብዙዎቹ ካሲኖዎች 12 ወር ካልተገባበት ይጀምራሉ፤ 6 ወር የሚሉም አሉ። በ5 ዩሮ ስታሰቢው 87ቱ በ18ኛው ወር ያልቃል። አብዛኛውን ጊዜ ዜሮ ሲገባ ይቆማል፤ ዕዳ ሆኖ ይከተለዋል ብለሽ አትጨነቂ። ከ87ቱ ውስጥ ቦነስ ካለበት ግን የቦነሱ ቀን ሳያልፍበት አይቀርም። ስንቱ የራሱ እንደሆነ ይጠይቃቸው።

መብቱን በተመለከተ፣ ፈቃድ የሰጣቸው አገር ይወስነዋል። ገጻቸው መጨረሻ ላይ ተጽፏል። ማልታ ከሆነ ቅሬታ የሚቀበል ተቆጣጣሪ አለ። ማልታ በፈረንጆቹ 2004 ባወጣችው ደንብ፣ 30 ወር ያልተንቀሳቀሰ ሒሳብ ለተጫዋቹ ይመለስ፣ ተጫዋቹ ካልተገኘ ለተቆጣጣሪው ይግባ ትል ነበር። ካሲኖው ኪስ ይግባ አላለችም። ኩራሳዎ የምትባለው የካሪቢያን ደሴት ከሆነች ከባድ ነው። እዚያ ለብዙ ዓመት ፈቃድ ያላቸው ጥቂት ድርጅቶች በሥራቸው ሌሎችን እያስጠጉ ሲያሠሩ ኖረዋል፤ አዲሱ ሕግ ሥራ ላይ የዋለው ገና በታኅሣሥ 2017 ነው። የእኛ ብሔራዊ ሎተሪ ደግሞ ራሱ ፈቃድ ያልሰጠውን የውጭ ድርጅት ገንዘብ መልስ ብሎ ማዘዝ አይችልም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ወንድምሽ አካውንቱን አይክፈት። ከስንት ጊዜ በኋላ የተመለሰ ሰው ሲገባ ሲስተሙ ያውቀዋል። ገንዘብ ማውጫውን ሳያገኝ «እንኳን ተመለስክ፣ 20 ዩሮ ቦነስ» የሚል ፊቱ ይደቀናል። ያንን ከነካ በ35 እጥፍ ይታሰብበታል እንበል፤ 700 ዩሮ ካልተወራረደ ገንዘቡ ይያዛል። እምቢ ብሎ ማውጫውን ቢጫን እንኳ ገንዘቡ ሳይላክ አንድ ሁለት ቀን ይቆያል። እኛ ጋ በዚያ መሀል «ሰርዝ» የሚል ቁልፍ ነበር። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስንቱ ያወጣውን ሰርዞ ሲመለስ በስክሪኔ አይቻለሁ። አንጀቴን ነበር የሚበላው። እንግሊዝ ይህን ቁልፍ በፈረንጆቹ 2021 ከልክላለች። ሌላው ጋ ግን አሁንም ታገኚዋለሽ።

ስለዚህ በተመዘገበበት ኢሜይል እንዲህ ብሎ ይጻፍ፦ «የቁማር ችግር ስላለብኝ ራሴን ለዘለቄታው ማግለል እፈልጋለሁ። አካውንቴን ዝጉ፤ የቀረውን ገንዘቤን ላኩልኝ። ማስታወቂያም ቦነስም አትላኩብኝ።» የቁማር ችግር የሚለው እንዳይቀር። እኛ ጋ ያ ከተጻፈ ለዚያ ሰው ቦነስ ማቅረብ ክልክል ነበር፤ ጉዳዩ ለብቻው ወደተቀመጠ ክፍል ይተላለፋል። አንድ ነገር ልጠይቅሽ፦ ገንዘቡን በምን ነበር የሚያስገባው? ብዙ ጊዜ በመጣበት መንገድ ነው የሚመልሱት።

የኮዬዋ ባለሱቅ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ወንድሜ። ጠየቅኩት። በቴሌብር ለአንድ ልጅ ይልካል፣ ልጁ በክሪፕቶ፣ በኢንተርኔት በሚላከው ዲጂታል ገንዘብ፣ ያስገባለታል። ልጁ አሁን የት እንዳለ አይታወቅም። የተመዘገበበት ስልክ ቁጥርም የለም፤ ሲሙን ሰብሮ የጣለው ያኔ ሲተው ነው።

ሰበታ

በስልክ ቁጥሩ ፓስዎርድ ለመቀየር አይሞክር። ብዙ ጊዜ ያልሠራ ቁጥር ተዘግቶ ለሌላ ሰው ይሸጣል። የማረጋገጫ ኮዱ የማያውቀው ሰው እጅ ነው የሚገባው።

ደግሞ ቴሌግራም ላይ «የተዘጋ የካሲኖ አካውንት እናስከፍታለን» የሚሉ አሉ። ቅድሚያ 2,000 ብር ላኩ ይላሉ። የጎረቤቴ ልጅ ልኮ ቀርቷል። ገንዘብህን ለማውጣት መጀመሪያ ክፈል የሚልሽ ማንም ይሁን ሌባ ነው፤ ከካሲኖው ነው የምደውለው ቢልሽም አትመኚው።

የአባዶ ልጅ

ሰበታ ልክ ነህ።

እህቴ፣ የክሪፕቶው ነገር ያስቸግራል እንጂ አያልቅለትም። ወደ ልጁ የክሪፕቶ አድራሻ እንዳይልኩት ቀድሞ ይጻፍላቸው፤ «ያ አድራሻ የኔ አይደለም፤ ሌላ ምን አማራጭ አላችሁ?» ይበል። ማንነቱን እንዲያረጋግጥ መጠየቃቸው አይቀርም። ፓስፖርት ካለው እሱ ይሻላል፤ ስሙ አካውንቱ ላይ ካለው ጋር በፊደል ሳይቀር መግጠም አለበት። የአድራሻ ማስረጃ ሲሉት የመብራት ቢል እንዳይልክ። የተከራየ ሰው ቢል በአከራይ ስም ስለሚሆን ይመልሱታል። ከባንክ በእንግሊዝኛ ስቴትመንት አስወጥቶ፣ ማህተም አስደርጎ ይላክ።

የኮዬዋ ባለሱቅ

ትናንት ማታ ሱቅ ውስጥ አብረን ተቀምጠን ጻፍነው፣ በኔ ስልክ። ጠዋት መልስ መጣ። አካውንቱን ዘግተነዋል፣ ገንዘቡን ለመላክ ፓስፖርትና የባንክ ስቴትመንት ላክ ብለዋል። የጠየቁት ክፍያ የለም። ፓስፖርት አለው፤ ዱባይ ሊሄድ ብሎ ያወጣው ነው። ሰኞ ከጋራዡ አስፈቅዶ ባንክ ይሄዳል። ስቴትመንቱ የስንት ወር ይሁን?

የአባዶ ልጅ

እኛ የምንቀበለው ከሦስት ወር ያልቆየ ነበር። የቅርቡን ያስወጣ፤ ስሙና አድራሻው ወረቀቱ ላይ መኖሩን እዚያው መስኮቱ ጋ ሳይነሳ ይመልከት። መልስ እስኪመጣ ኢሜይሉ አንቺ ስልክ ላይ ይቆይ። መዘጋቱን ያረጋገጡበትን መልእክትም አታጥፊው።