የሚያንቋሽሽ ጥላቻና የሚያሞግስ አድልዎ፦ መጠይቁ በአማርኛ እንዴት ይጠየቅ?

ጥያቄ (ጀማሪ ተመራማሪ)፦
ለሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ ጽሑፌ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ፒተር ግሊክና ሱዛን ፊስክ እ.ኤ.አ. በ1996 ያወጡትን፣ ስለ ሴቶች ያለንን አመለካከት የሚለካ ባለ 22 ዓረፍተ ነገር መጠይቅ ወደ አማርኛ ለመመለስ አስቤያለሁ። ግማሹ ሴቶች ወንዱን በቁጥጥራቸው ሥር ለማድረግ ይሻሉ እንደሚለው ያለ ግልጽ ጥላቻን ይለካል፤ ሌላው ግማሽ ግን ወንዶች ሴቶችን ሊንከባከቡና ሊጠብቁ ይገባል የሚል ዓይነት፣ ሴቶችን እያሞገሰ የሚያዳላ አመለካከትን ይለካል። ይህን ሁለተኛውን ክፍል ለእናቴ ባነብላት፣ «ይሄማ እውነት ነው፤ ምኑ ይጠየቃል?» አለችኝ። እናቴ እንደ ክብር የምትቆጥረውን ነገር አድልዎ ብዬ ነጥብ ብሰጥበት፣ የራሴን ሰው በባዕድ ቁና መስፈር አይሆንብኝም?

የሥነ ልቦና መምህር፦
የእናትዎ መልስ ጥናቱን አያፈርሰውም፤ እንዲያውም ጥናቱ ያገኘው ይህንኑ ነው። ተመራማሪዎቹ ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት፣ 19 አገሮችንና ከ15,000 በላይ ሰዎችን ባካተተው ጥናት፣ የጥላቻው አማካይ ከፍ ባለበት አገር የሙገሳውም አማካይ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ሴቶቹ በአብዛኛው ጥላቻውን ከወንዶቹ ያነሰ ሲቀበሉ፣ ሙገሳውን ግን እንደ ኩባ፣ ናይጄሪያ፣ ደቡብ አፍሪካና ቦትስዋና ባሉ አገሮች ከወንዶቹ ባላነሰ ተቀብለውታል። አጥኚዎቹ የሰጡት ማብራሪያ ቀላል ቢመስልም ከባድ ነው፦ ወንዱ በሚያስፈራበት አገር ሴቷ ጠባቂ ያስፈልጋታል፤ ጠባቂውም ያው ወንድ ነው። ጥበቃውን የምታገኘው ደግሞ «ጨዋ» የተባለችው ናት፤ ከተሰጣት ቦታ የወጣችው ጥላቻው ይደርሳታል። ይህ ተዛምዶ እንጂ የምክንያትና ውጤት ማረጋገጫ አለመሆኑን ግን በጽሑፍዎ ላይ በግልጽ ያስፍሩ።

የቀድሞ መረጃ ሰብሳቢ፦
የአገራችንን ቁጥር ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ባል ሚስቱን ቢመታ ከተዘረዘሩት አምስት ምክንያቶች (ወጥ ማሳረር አንዱ ነው) ቢያንስ በአንዱ ተገቢ ይሆናል ያሉት ሴቶች 63 በመቶ ሲሆኑ፣ ወንዶቹ 28 በመቶ ነበሩ። ይህን ቁጥር ሳይ ሁልጊዜ የምትታወሰኝ፣ በሌላ የቤት ለቤት ጥናት ላይ ተመሳሳይ ጥያቄ ያቀረብኩላት አንዲት እናት ናት። እንጀራ እየጋገረች ነበር። የምጣዱን አክንባሎ እንደያዘች ቀና ብላ፣ «ይደረጋል ወይ ነው የምትዪኝ ወይስ ይገባል ወይ?» ብላ ጠየቀችኝ። ቅጹ ላይ ለዚህ ልዩነት ቦታ አልነበረውም፤ እኔም እንደ መመሪያው ዓረፍተ ነገሩን ደግሜ አነበብኩላት እንጂ አላብራራሁላትም። ስለዚህ «ይገባል» የምትለዋን ቃል በዋናው ጥናት ላይ ከማዋልዎ በፊት በጥቂት ሰዎች ይፈትኗት።

ተርጓሚ፦
ከ«ይገባል» ይልቅ እኔን የሚያስጨንቀኝ አፍራሹ («አይደለም» የሚለው) ነው። በመጠይቁ ውስጥ ነጥባቸው ተገልብጦ የሚቆጠር፣ ማለትም አድልዎን የሚያሳየው መስማማቱ ሳይሆን አለመስማማቱ የሆነ ዓረፍተ ነገሮች አሉ፤ ለምሳሌ በአደጋ ጊዜ ሴቶች ከወንዶች ቀድመው መዳናቸው የግድ አይደለም የሚለው። «የግድ አይደለም» ለሚል ዓረፍተ ነገር «አልስማማም» ብሎ መመለስ በአማርኛ ራስ ያዞራል፤ እነዚህ ዓረፍተ ነገሮች በሌሎች ቋንቋዎችም አስቸግረዋል። ብዙ ሴቶች በወንዶች ዘንድ እምብዛም የማይገኝ «ንጽሕና» አላቸው የሚለውም አለ። በእኛ ጆሮ ንጽሕና ወይ ድንግልና ነው፣ ወይ የቤት ጽዳት። አንድ የጎደለም ይታየኛል፦ ጎበዝ ሴትን «እሷ እኮ ወንድ ናት» ብለን ስናሞግስ፣ ይህ ከሁለቱ ክፍሎች በየትኛው ይመደባል? ግለሰቧን ከፍ አድርጎ ጾታዋን የሚጥል ሙገሳ ስለሆነ፣ እኔ ብሆን ለብቻው እጠይቀው ነበር።

ጀማሪ ተመራማሪ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ተገልብጠው የሚቆጠሩትን ለብቻ ፈትኜ ካላዋጡኝ አወጣቸዋለሁ፤ «ወንድ ናት» የሚለውንም ከዋናው ነጥብ ሳልደምር እጨምረዋለሁ። ትናንት ማታ የጥላቻውን ክፍል ደግሞ ለእናቴ አነበብኩላት። ጥቂት ዝም ብላ ከቆየች በኋላ፣ «ይሄንንስ አባትህን ጠይቀው» አለችኝ።