ብሔር የሚጠይቀውን ቅጽ ምን ላድርገው?

ሰላም ለሁላችሁ። ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ባለ ቅርንጫፍ ቢሮ የሰው ኃይል ባለሙያ ነኝ። ዋናው መሥሪያ ቤት ከውጭ አገር የአካታችነት መመሪያ ልኮ "ለአካባቢያችሁ አስማሙት" አለን። የመመሪያውን የአካል ጉዳተኞች ክፍል ስለ ሥራ ስምሪት መብታቸው ከወጣው አዋጅ ቁጥር 568/2000 ጋር አገናዘብኩት። የዓርብ ስብሰባም ከጁምዓ ሰዓት ወጣ።

የጨነቀኝ ቅጹ ነው። ብሔርና ሃይማኖት ይጠይቃል። ስም እንደማይጻፍበት ነግሬ 34 ወረቀት በተንኩ፤ የተመለሰው 9 ነው። አንዱ ላይ የብሔሩ መስመር በእስክሪብቶ ተደጋግሞ ከመሰረዙ የተነሳ ወረቀቱ ተቀዷል። አልፈርድም። በዚህ ጊዜ ማን ደፍሮ ይሞላል? ዋናው ቢሮ ግን ቁጥር ካልመጣ ሪፖርቱን አልቀበልም ብሏል። እንዲህ ያለ ነገር የገጠማችሁ፣ የሰውን ማንነት ሳትጠይቁ መገለል መኖር አለመኖሩን ያወቃችሁት ምን ብላችሁ ጠይቃችሁ ነው?