አስቸኳይ! ሳይቴሽኔ በሙሉ ወደ ኮድ ተቀየረ፣ ነገ ጠዋት ዲፌንስ አለኝ

ቧንቧ ውሃ (ከቀኑ 10፡40)
የምታውቁ ድረሱልኝ። ደሴ ፒያሳ አንድ ፕሪንት ቤት ቁጭ ብያለሁ። ቴሲሴ (የመመረቂያ ጽሑፌ) ውስጥ ሳይቴሽን የነበረበት ቦታ ሁሉ ኮድ ሆኗል። ሳይቴሽኑን የሠራሁት ዞቴሮ በሚባለው ሶፍትዌር ነው። በጥምዝ ቅንፍ ይጀምራል፣ "አዲን ዞቴሮ" ይላል፣ ከዚያ የማይነበብ ነገር ይከተላል። አንዳንዱ ብቻውን ግማሽ ገጽ ይይዛል። ማውጫው ጠፍቶ በቦታው አንዲት አጭር ኮድ ቀርታለች። የገጽ ቁጥሩም ቁጥር መሆኑ ቀርቶ "ፔጅ" የሚል ቃል ሆኗል። 74 ገጽ የነበረው 163 ገጽ ሆነ። ነገ 3 ሰዓት ዲፌንስ ነው። ለፈታኞቹ ዛሬ ማታ ሦስት ኮፒ መድረስ አለበት። ፕሪንት ቤቱ 1 ሰዓት ላይ ይዘጋል። ምን ላድርግ?

ቦርከና ማዶ (10፡43)
ኦልት እና ኤፍ9 አንድ ላይ ተጫን ወንድሜ። አለቀ።

ጋሽ ዋቢ (10፡51)
በመጀመሪያ፣ ሳይቴሽን ሪፈረንስ የምትሉት ነገር በአማርኛ ስም አለው። ዋቢ ይባላል፣ ማጣቀሻም ይባላል። እኛ ስንማር ለእያንዳንዱ መጽሐፍ አንድ ካርድ ነበረን። ደራሲ፣ ርዕስ፣ ዓመት፣ ገጽ በእጅ እንጽፋለን፣ ካርዶቹን በፊደል ተራ በጫማ ካርቶን እንደረድራለን። አንድም ቀን ካርድ ወደ ኮድ ተቀይሮብን አያውቅም። ይህ ኤፒኤ የምትሉት የማጣቀሻ አጻጻፍ ደንብ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1929 መጀመሪያ ሲወጣ በአንድ መጽሔት ላይ የታተመ የሰባት ገጽ ጽሑፍ ነበር። በ2019 የወጣው ሰባተኛው እትም ከ400 ገጽ ያልፋል። ደንቡ ሲወፍር ተማሪው አንብቦ ከመረዳት ይልቅ ለማሽን ማስረከብ ጀመረ። የማን ሐሳብ የት ገጽ ላይ እንዳለ በራሱ እጅ ያልጻፈ ሰው...

ሀረጎ ላይ ቀረሁ (10፡53)
ጋሼ ይቅርታ፣ ቤቱ እየነደደ እርስዎ የጣሪያውን ሣር ዓይነት እየነገሩን ነው።

ጋሽ ዋቢ (10፡55)
ሣሩ ደረቅ መሆኑን ቀድሞ ያወቀ ቤቱ አይነድበትም ልጄ።

ቧንቧ ውሃ (10፡56)
እህትህ ነኝ፣ ወንድምህ አይደለሁም። ኦልት ኤፍ9 ምንም አልሠራም።

ቦርከና ማዶ (10፡57)
ይቅርታ እህቴ። ላፕቶፕ ከሆነ ኤፍኤን የምትለዋን ቁልፍም ጨምሪ። ሦስቱን አንድ ላይ።

እንጀራ በስልስ (10፡58)
ኦልት ኤፍ9 ሞክሪ። እኔን ከዚህ በፊት አውጥቶኛል።

ሀረጎ ላይ ቀረሁ (10፡58)
ከላይ ያለውን ሳያነቡ መልስ የሚሰጡ ሰዎች ቁጥር፦ 1

ጥድፊያ (11፡02)
ይሄን ያህል አታስጨንቋት። ኮንትሮል ኤ ብለሽ ሁሉንም ምረጪ፣ ከዚያ ኮንትሮል ሺፍት ኤፍ9። ሁሉም ተራ ጽሑፍ ይሆናል፣ ከዞቴሮ ጋር ለዘላለም ትፋታለሽ።

ቀለም አለቀ (11፡04)
ኧረ እንዳታደርጊው! ኮምቦልቻ ፕሪንት ቤት አለኝ። በዚች ቁልፍ ያለቀሱ ልጆችን አውቃለሁ። እሷን ከተጫንሽ ሳይቴሽኑ ብቻ አይደለም የሚሞተው። ማውጫው፣ የሠንጠረዥ ቁጥሩ፣ "ሠንጠረዥ 4 ተመልከት" ያልሽው ሁሉ ደረቅ ጽሑፍ ሆኖ ይቀራል። ፈታኞቹ "ይህን ምዕራፍ ከዚያ አስቀድሚ" ካሉሽ ሁሉንም በእጅሽ ልታስተካክዪ ነው። ፋይሉን ሴቭ አድርገሽ ከዘጋሽ መመለሻ የለውም። የግድ ካስፈለገ ዞቴሮ ራሱ ሳይቴሽኖቹን ብቻ የሚፈታበት ቁልፍ ዎርድ ላይ አለው። እሱም ቢሆን በሌላ ስም ባስቀመጥሽው ኮፒ ላይ ብቻ ነው የሚደረገው።

ጥድፊያ (11፡05)
እኔ በዚህ መንገድ ነው የተመረቅኩት።

ቀለም አለቀ (11፡06)
ማሻአላህ። ፈታኞችህ ደግ ነበሩ ማለት ነው።

ብርዳሙ ሰፈር (11፡07)
ለቻትጂፒቲ ስጪው፣ ሪፈረንሱን በሙሉ እንደ አዲስ ይሠራልሻል።

ማኅደር (11፡09)
አትስጪው። ላይብረሪ ውስጥ ነው የምሠራው። በየሳምንቱ "ይህን አርቲክል ፈልጉልኝ" የሚል ተማሪ ይመጣል። ደራሲው አለ፣ ጆርናሉ አለ፣ ቅጽና ገጽ አለ። አርቲክሉ ግን በዓለም ላይ የለም። ማሽኑ ፈጥሮት ነው። ያውም በጣም ያማረ አድርጎ ነው የሚፈጥረው፣ የሚያሳስተው ውበቱ ነው። የራስሽ ዝርዝር ዞቴሮ ውስጥ አለ፣ የትም አልሄደም።

ቧንቧ ውሃ (11፡11)
ኤፍኤንም ጨምረን ሞከርን፣ እንቢ አለ። ፕሪንት ቤት ያለው ልጅ እኔን እያየ ላብ በላብ ሆኗል፣ በዚህ የደሴ ብርድ። ትናንት ማታ ቤት ደህና ነበር፣ ወላሂ። (ኤስ. መሐመድ፣ 2018) ይል የነበረው ነው አሁን እንዲህ የሆነው።

የጦሳ ንፋስ (11፡13)
ቆይ ቆይ። "ኤስ. መሐመድ" ማለት ምን ማለት ነው? ኮዱን ተዪው፣ ዋናው ስህተት እዚህ ነው። መሐመድ የሰውዬው አባት ናቸው፣ ጥናቱን አልሠሩም። የሠራው ሰይድ ነው። እኛ አገር የቤተሰብ ስም የለም። ሰው በራሱ ስም ነው የሚጠራው።

ቧንቧ ውሃ (11፡14)
ወንድሜ ዛሬ ይሄን አታንሳብኝ በአላህ።

የጦሳ ንፋስ (11፡15)
ሳላነሳ ብቀር ነገ ፈታኝ ያነሳልሻል።

ማኅደር (11፡19)
ነገሩ እውነት አለው። በኢትዮጵያ ጥናት መስክ የታሪክ ምሁሩ ባሕሩ ዘውዴ ሲጠቀሱ ባሕሩ ዘውዴ ተብለው ነው። ዝርዝር ውስጥም "ባ" ላይ ነው የምታገኛቸው እንጂ "ዘ" ላይ አይደለም። ዞቴሮ ላይ ከደራሲው ስም ጎን ትንሽ ምልክት አለች። እሷን ስትጫኚ ሁለቱ ሳጥን አንድ ይሆናል። እዚያ ሙሉ ስሙን እንዳለ ትጽፊያለሽ፣ ዞቴሮም ሳይገለብጥ ያወጣዋል። ግን ዛሬ አትንኪው። ዲፓርትመንትሽ የራሱ መመሪያ ካለው የሱን ተከተይ።

ሜትር በሜትር (11፡22)
ኢንጂነሪንግ ነው ያለሁት፣ ኮምቦልቻ። እኔ በዚህ አልስማማም። ጆርናሉ ራሱ ገልብጦ ካተመው፣ ጉግል ስኮላርም "መሐመድ፣ ኤስ." ብሎ ካስቀመጠው፣ አንባቢ በምን ይፈልገው? ማጣቀሻ የሚጻፈው አንባቢ ምንጩን እንዲያገኝ ነው። ለሰውዬው ክብር ለመስጠት አይደለም።

የጦሳ ንፋስ (11፡23)
ክብሩን ለአባቱ ሰጥታችሁ ለልጁ ነፈጋችሁት።

ሜትር በሜትር (11፡24)
አባቱ አይደሉ ያስተማሩት?

ሀረጎ ላይ ቀረሁ (11፡24)
ዛሬ ዲፌንሱ እዚሁ ተጀመረ።

ማኅደር (11፡27)
"ኤስ." ግን ለምን እንደመጣች ታውቂያለሽ እህቴ? ብዙ ተማሪ ይጠይቀኛል። ኤፒኤ ላይ የመጨረሻ ስማቸው አንድ የሆነ ሁለት የተለያዩ ደራሲዎች ካሉ፣ ጽሑፉ ውስጥ የስማቸው መነሻ ፊደል ይጨመራል። ወሎ ላይ ጥናት ሠርቶ መሐመድ እና አሊ ያልተደራረበበት ማን አለ? ዞቴሮ አልተሳሳተም። ሌላም ምክንያት አለ፣ ይኼኛው ግን ስህተት ነው። አንዱን ሰው አንዴ "ሰይድ መሐመድ" አንዴ "ኤስ. መሐመድ" ብለሽ ካስገባሽው ዞቴሮ ሁለት ሰው ይመስለዋል። ዝርዝርሽን እዪው።

ቧንቧ ውሃ (11፡29)
አምስት መሐመድ አለኝ።

ሀረጎ ላይ ቀረሁ (11፡30)
አምስት ብቻ? ጥናትሽ አልጠለቀም።

ቀለም አለቀ (11፡31)
እናንተ ሰዎች ሰዓቱ እየሄደ ነው። እህቴ አንድ ነገር ንገሪኝ። ኮዱ የሚታየው ስክሪን ላይ ነው ወይስ ወረቀት ላይ?

ቧንቧ ውሃ (11፡33)
ወረቀት ላይ ነዋ! 163 ገጹንም ከማሽኑ የወጣውን ቆጥረን ነው። ስክሪን ላይማ ደህና ነው። ኦልት ኤፍ9 ስንጫን ስክሪኑም ኮድ ሆነ፣ ደግመን ስንጫን ተመለሰ። ወረቀቱ ግን ያው ነው።

እንጀራ በስልስ (11፡33)
እና ይህን አሁን ነው የምትነግሪን?!

ቧንቧ ውሃ (11፡34)
ፕሪንት ቤት ነኝ አልኩ እኮ!

ቀለም አለቀ (11፡37)
አብሽሪ። ተገኘ። ፋይልሽ ምንም አልሆነም። ችግሩ ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ዎርድ ነው። ልጁ እንዲህ ያድርግ። ፋይል፣ ከዚያ ኦፕሽንስ፣ ከዚያ አድቫንስድ። ወደ ታች ይውረድ። ረጅም ነው፣ አይሰልች። "ፕሪንት" የሚል ንዑስ ርዕስ አለ። ከሥሩ "ፕሪንት ፊልድ ኮድስ" ብላ የምትጀምር መስመር አለች። ሳጥኗ ላይ ራይት አለ፣ ያንሳው። ኦኬ ይበል። መጀመሪያ ሳይቴሽን ያለበት አንድ ገጽ ብቻ ያውጣ። ሦስት ኮፒ ወዲያው እንዳታስወጡ።
ከሷ በላይ "ሾው ፊልድ ኮድስ" የምትል ሌላ መስመር አለች። እሷ የስክሪን ናት፣ ያንቺ ችግር አይደለችም። ብዙ ሰው እሷን አይቶ "ራይት የለውም" ብሎ ይዘጋዋል።

ቦርከና ማዶ (11፡39)
ይህን አላውቅም ነበር። እኔ የስክሪኑን ነበር የማወራው።

እንጀራ በስልስ (11፡40)
ግን ማን ነው እንዲህ ያደረገው?

ቀለም አለቀ (11፡42)
ከሷ በፊት የመጣ ደንበኛ ይሆናል። እኔ ጋ አንዱ ልጅ ሴቲንግ ሲነካካ ውሎ ሄደ፣ በማግስቱ የመጣው ሁሉ ማውጫው ኮድ ሆኖ ታተመበት። ሁለት ደስጣ ወረቀት አቃጥያለሁ። ራይቱ የሚቀመጠው ማሽኑ ላይ ባለው ዎርድ ስለሆነ ፋይሉን ሌላ ኮምፒውተር ላይ ብትከፍቺው ደህና ሆኖ ይታተማል። እዚያ ካልሆነላችሁ ፍላሽሽን ይዘሽ አጠገቡ ያለ ቤት ግቢ።

ጋሽ ዋቢ (11፡44)
ይህ ትክክለኛ መልስ ነው። ልጁን አመሰግናለሁ። የወረቀቱን ሒሳብ ግን ማን ይከፍላል?

ሀረጎ ላይ ቀረሁ (11፡45)
ጋሼ ዛሬ የጠየቁት ምርጥ ጥያቄ።

ቀለም አለቀ (11፡46)
እኔ ብሆን አላስከፍልም። ማሽኑ የቤቱ ነው። ግን እኔ ኮምቦልቻ ነኝ።

ቧንቧ ውሃ (11፡49)
አድቫንስድ ላይ ነን። ልጁ እየወረደ ነው። አገኘነው! ራይት አለው! ጀዛከላህ ኸይር ወንድሜ። አንድ ገጽ እያወጣን ነው

ቧንቧ ውሃ (11፡50)
መብራት ሄደ

ሀረጎ ላይ ቀረሁ (11፡50)
ያ ረቢ።

ቦርከና ማዶ (11፡52)
ጄኔሬተር ያለው ቤት የሚያውቅ? ደሴ ያላችሁ?

ብርዳሙ ሰፈር (11፡55)
ከሸዋ በር በኩል ያሉት በርቷል። ፋይሉን በቴሌግራም ለራስሽ ላኪና በዚያ በኩል ፈልጊ።

ቀለም አለቀ (11፡57)
ኮምቦልቻ መብራት አለ። ፋይሉን በውስጥ ብትልኪልኝ አትሜ በመጨረሻው ታክሲ እልክልሻለሁ።

ሀረጎ ላይ ቀረሁ (11፡58)
በዚህ ጉም የሀረጎን ዳገት? ስሜን አይታችሁታል?

ማኅደር (12፡03)
መብራቱ እስኪመጣ አንድ ነገር፣ ላፕቶፕሽ ባትሪ ካለው። ከምንጮችሽ ውስጥ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የታተሙ ካሉ ዓመታቸውን ተመልከቺ። አንዱን 2010 ብለሽ ሌላውን 2018 ካልሽ፣ ሁለቱም የአንድ ዓመት ሥራ ሆነው ሳለ አንባቢ የስምንት ዓመት ልዩነት ያያል። ወደ ፈረንጅ ለመለወጥ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ሰባት፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን ስምንት ይጨመራል። ወሩ ካልታወቀ 2017/18 ብሎ መጻፍ ይቻላል። የትኛውንም ምረጪ፣ ብቻ አትደባልቂው።

የጦሳ ንፋስ (12፡06)
ከተነሳ አይቀር፣ "ባሕሩ ዘውዴ" ላይ ሜትር በሜትር እስካሁን አልመለሰልኝም።

ሜትር በሜትር (12፡10)
እሳቸው መጽሐፋቸው ላይም እንደዚያ ነው የታተሙት። እኔ ያልኩትም ይኸንኑ ነው። ደራሲው በታተመበት ስም ይጠቀስ። ሰይድም "ሰይድ መሐመድ" ብሎ ካሳተመ እንደዚያው ይጠቀስ።

የጦሳ ንፋስ (12፡11)
እንግዲያው ተስማምተናል ማለት ነው?

ሜትር በሜትር (12፡12)
አልተስማማንም።

ቦርከና ማዶ (ማታ 2፡30)
ቧንቧ ውሃ፣ ታተመ ወይ?

ቀለም አለቀ (ማታ 3፡15)
በውስጥም አልመለሰችልኝም። ማሽኑን አላጠፋሁም፣ እየጠበቅኩ ነው።

ጋሽ ዋቢ (በማግስቱ ጠዋት 3፡05)
አሁን ገብታለች። አላህ ያግዛት፣ እመቤቴ ትርዳት።

ቦርከና ማዶ (በማግስቱ ከቀኑ 9፡20)
እህቴ ምን ሆነ? አንድ ቃል እንኳ።

ቀኑ መሸ (ከሦስት ሳምንት በኋላ)
ሰላም ለሁላችሁ። እኔም ኮድ ይወጣብኛል፣ ግን የምጠቀመው በዞቴሮ ፈንታ ሜንዴሌይን ነው። አድቫንስድ ገብቼ አየሁ፣ ራይት የለውም። ነገ ነው የማስገባው። ያለ ሰው?