አሌንድሮኔት እየወሰዱ አጥንታቸው ለተሰበረ እናት ቀጣዩ መድኃኒት የትኛው ነው?

ጥያቄ (ከሽምብጥ፣ ባሕር ዳር)

ጤና ይስጥልኝ። እናቴ 68 ዓመቷ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት የእጅ አንጓዋ ተሰብሮ የአጥንት መሳሳት አለብሽ ተባለችና አሌንድሮኔት 70 ሚሊግራም፣ በሳምንት አንድ ክኒን ታዘዘላት። አንድም ሳምንት አላለፋትም። ባለፈው ወር ጀሪካን ስታነሳ ወገቧን አመማት፤ ራጅ ሲነሳ ሁለት የአከርካሪ አጥንቶች ተደርምሰው ተገኙ። አሁን አንዱ በዓመት አንዴ የሚሰጥ፣ ሌላው በስድስት ወር አንዴ የሚወጋ፣ ሌላው ደግሞ በየቀኑ የሚወጋ መድኃኒት አለ ይሉናል። የቱን እንምረጥ? ጿሚ ናት። ለጨጓራዋ ኦሜፕራዞል ትወስዳለች። ኩላሊቷ አልተመረመረም።

መልስ 1 (ፋርማሲስት)

እህቴ፣ መድኃኒቱ አልሠራም ከማለታችሁ በፊት እሳቸው ሰውነት ውስጥ መግባቱን እንይ። አሌንድሮኔት ባዶ ሆድ ላይ በትክክል ተውጦ እንኳ ወደ ደም የሚገባው ከመቶ አንድ እጅ አይሞላም። በቡና ከተዋጠ ከዚያችም ከግማሽ በላይ ይቀንሳል፤ ከወተት ወይም ከቁርስ ጋር ከሆነ ምንም አልገባም ማለት ይቻላል።

አወሳሰዱ እንዲህ ነው። ጠዋት እንደተነሱ፣ ምንም ሳይቀምሱ፣ በአንድ ሙሉ ብርጭቆ ንጹሕ ውኃ ይዋጣል። ክኒኑ አይታኘክም፣ አፍ ውስጥም አይሟሟም። ከዚያ ቢያንስ 30 ደቂቃ ቁጭ ወይም ቆም ብለው ይቆዩ፤ መተኛት የለም፣ ስግደትም የለም፤ ክኒኑ ወደ ጉሮሮ ቧንቧ ተመልሶ ያቆስላል። ካልሲየም፣ የጨጓራ ማስታገሻ ሽሮፕና ሌላ ክኒን ሁሉ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ነው።

ጾሙን በግልጽ ጠይቂያቸው። በዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት ውኃ የማይቀምሱ ከሆነ ክኒኑን ወይ በምራቅ ይውጡታል፣ ወይ ማታ ከምግብ በኋላ ያደርጉታል። ሁለቱም ከንቱ ነው፤ የመጀመሪያው እንዲያውም አደገኛ ነው። ክኒኑን በሚቀጥሉ ሌሎች ጿሚዎች ዘንድ ቅዳሜ ጠዋት ይመቻል፤ ከቅዳም ሹር በቀር ቅዳሜ ከውኃ አይከለከልም፣ እንደ እሑድም ለቅዳሴ አያስቸኩልም። በነገራችን ላይ ከጠበል ጋርም አይዋጥም፤ የምንጭ ውኃ የሚይዘው ማዕድን መድኃኒቱን ያስረዋል።

መልስ 2 (የውስጥ ደዌ ሐኪም)

በትክክል ወስደዋል ብለን እንነሣ። አንድ ስብራት ብቻውን የመድኃኒት ውድቀት አይባልም፤ የትኛውም መድኃኒት ስብራትን ይቀንሳል እንጂ አያስቀርም። ውድቀት የምንለው ቢያንስ አንድ ዓመት በደንብ ከተወሰደ በኋላ ሁለትና ከዚያ በላይ ስብራት ሲመጣ ነው። የጣት፣ የእግር መዳፍ፣ የቁርጭምጭሚትና የራስ ቅል ስብራት አይቆጠርም። የእናትሽ ሁለት የአከርካሪ ስብራት ግን ይቆጠራል።

ሆኖም አከርካሪን የሚደረምሰው የአጥንት መሳሳት ብቻ አይደለም። እኛ አገር የአከርካሪ ቲቢ አለ፤ በዚህ ዕድሜ ደግሞ መልቲፕል ማይሎማ የተባለው የመቅኔ ካንሰር አለ። ሌሊት የሚብስ ሕመም፣ ትኩሳት፣ ክብደት መቀነስ፣ የእግር መዛል ወይም ሽንት አልወርድ ማለት ካለ መርፌ ከመምረጥ በፊት ኤምአርአይ ይቀድማል። የእግር መዛል ወይም የሽንት ችግር ከሆነ በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል ውሰጃቸው። ምልክት ባይኖርም እነዚህ ይታዘዙ፦ ሙሉ የደም ቆጠራ፣ ኢኤስአር፣ ክሪያቲኒን፣ ካልሲየም፣ አልካላይን ፎስፋቴዝ፣ ቲኤስኤች፣ ቫይታሚን ዲ፣ የደም ፕሮቲን ምርመራ፤ ካልሲየሙ ከፍ ካለ ፓራታይሮይድ ሆርሞን። ለአስም ወይም ለመገጣጠሚያ ፕሬድኒሶሎን ወስደው እንደሆነም ጠይቂ፤ አጥንትን ከሚበሉት አንዱ እሱ ነው። ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ጊዮን የውስጥ ደዌ ክፍል ስትሄዱ አሮጌውን ራጅ ጭምር ይዛችሁ ሂዱ፤ ድርመሳው የቆየ ሆኖ ከመድኃኒቱ በፊት የደረሰ ከሆነ ውሳኔው ይለወጣል።

አሁን ወደ ምርጫው። ሁለት አከርካሪ በክኒን ላይ እያሉ ለተደረመሱባቸው ሴት እኔ መጀመሪያ የማስበው በየቀኑ የሚወጋውን ቴሪፓራታይድ ነው፣ 20 ማይክሮግራም ከቆዳ ሥር። ሌሎቹ የአጥንት መበላትን ያቆማሉ፤ ይሄኛው አዲስ አጥንት ያሠራል። በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመው ቬሮ የተባለ ጥናት ከባድ የአከርካሪ ስብራት ያለባቸውን፣ አብዛኞቹም ቀድሞ ሌላ መድኃኒት የወሰዱ ሴቶችን ከአሌንድሮኔት ዘመድ ከሪሴድሮኔት ጋር አነጻጽሯል፤ በሁለት ዓመት አዲስ የአከርካሪ ስብራት የገጠማቸው በቴሪፓራታይድ ከመቶ 5 ገደማ፣ በሪሴድሮኔት 12 ነበሩ። ገደቡ 24 ወር ነው፤ ሲያልቅ ወዲያው ሌላ መድኃኒት ካልተከተለ የተገነባው ይፈርሳል። ቀድሞ የጨረር ሕክምና ለወሰደ፣ የአጥንት ካንሰር ላለበት ወይም ካልሲየሙ ከፍ ላለ ሰው አይሰጥም።

ይህ ካልተገኘ ወይም የሁለት ዓመቱ ወጪ ካልተቻለ ዞሌድሮኒክ አሲድ 5 ሚሊግራም፣ በዓመት አንዴ፣ በደም ሥር። ለእናትሽ በተለይ ይስማማል፤ ጾም አያደናቅፈውም፣ ጨጓራና ጉሮሮ አይነካም፣ መግባቱ አያጠራጥርም። የኩላሊት ማጣሪያ አቅማቸው በደቂቃ ከ35 ሚሊ ሊትር በታች ከሆነ ግን አይሰጥም። ቫይታሚን ዲና ካልሲየምም አስቀድሞ መስተካከል አለበት፤ አለዚያ ካልሲየም ወርዶ እጅ እግር ያኮማትራል። የሚነቀል ጥርስ ካለ አስቀድሞ ይነቀልና ይዳን። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ትኩሳትና ቁርጥማት የተለመደ ነው፤ ፓራሲታሞል ይበቃዋል፣ በሁለተኛው ዓመት ይቀላል።

መልስ 3 (ፊዚዮቴራፒስት)

መድኃኒቱ እስኪሠራ ወራት ይፈጃል፤ ቀጣዩን ስብራት እስከዚያ የሚከለክለው አኗኗር ነው። 20 ሊትር ጀሪካን 20 ኪሎ ነው፤ ለእሳቸው ቀርቷል። አከርካሪን የሚደረምሰው ወደ ፊት ጎንበስ ብሎ ማንሣት ነውና ምጣዱ እስከ ወገብ ከፍ ይበል፣ መጥረጊያው ረጅም እጀታ ይኑረው። ስግደቱን ቆመው አንገታቸውን ዝቅ በማድረግ እንዲያደርጉት የንስሐ አባታቸውን ያማክሩ። ከአልጋ ሲነሡ መጀመሪያ በጎን ይዙሩ፣ ከዚያ በእጃቸው ገፋ ብለው ይቀመጡ። ሌሊት ወደ ሽንት ቤት የሚወስደው መንገድ ላይ መብራት ይኑር።

ጠያቂዋ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አወሳሰዱን ጠየቅኳት፤ በጾም ቀን ማታ ከራት በኋላ ነበር የምትውጠው። የስድስት ወሩ መርፌ ቀላል ነው ይላሉ፤ አንዱ ዙር ቢያልፍስ?

መልስ 2 (የውስጥ ደዌ ሐኪም)

የስድስት ወሩ መርፌ፣ ዴኖሱማብ 60 ሚሊግራም፣ ጥሩ መድኃኒት ነው፤ ኩላሊት ለደከመም ይታሰባል፣ በጣም ለደከመ ግን ካልሲየምን አደገኛ አድርጎ ሊያወርድ ስለሚችል በቅርብ ክትትል ብቻ ነው። ግን ዙር ማሳለፍ አደጋ ያለው መድኃኒት ነው። ከመጨረሻው መርፌ ወዲህ ሰባት ወር ካለፈ ታፍኖ የቆየው የአጥንት መበላት በአንድ ጊዜ ይለቀቅና ብዙ አከርካሪዎች ተከታትለው ሊሰበሩ ይችላሉ። አቅርቦቱ በየስድስት ወሩ እርግጠኛ ካልሆነ አትጀምሩት። ከእሱ ወደ ቴሪፓራታይድ መዛወርም የዳሌን አጥንት ያሳሳል፤ ቅደም ተከተሉ ቴሪፓራታይድ መጀመሪያ፣ ሌላው በኋላ ነው።

እናትሽ መድኃኒቱን ከምግብ ጋር ይወስዱ ከነበረ ክኒኑ «አልሠራም» ሳይሆን «አልገባም» ነው። ቢሆንም ሁለት አከርካሪ ከተደረመሰ በኋላ ወደ ክኒኑ አልመልሳቸውም፤ ምርመራው ንጹሕ ከሆነ፣ ቴሪፓራታይድም ካልተቻለ፣ ዞሌድሮኒክ አሲዱን ነው የምመርጠው።

መልስ 1 (ፋርማሲስት)

ስትገዙ መጠኑን አንብቡ። ዞሌድሮኒክ አሲድ ለካንሰር ሕሙማን የሚሰጥ ባለ 4 ሚሊግራም ጠርሙስም አለው፤ ለአጥንት መሳሳት የሚዘጋጀው 5 ሚሊግራም በ100 ሚሊ ሊትር ነው። ከ15 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ አይሰጥ፤ ሲቸኩል ኩላሊትን ይጎዳል። በዕለቱ ሁለት ብርጭቆ ውኃ ቀድመው ይጠጡ፤ ቀጠሮውን ከጾም ውጭ አድርጉት።

ቴሪፓራታይድ ከሆነ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይቀመጣል። ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ስታስመጡ በረዶው መድኃኒቱን እንዳይነካ በፎጣ ጠቅልሉት፤ በረዶ የሠራ መድኃኒት ይጣላል። አንዱ ብዕር (መድኃኒቱ ያለበት መወጊያ) ከተከፈተ 28 ቀን ነው፣ ቢተርፍም አይወጋም።

ካልሲየም ከምግቡም ጭምር በቀን 1200 ሚሊግራም ይድረስ። ኦሜፕራዞል ስለሚወስዱ ካርቦኔት ሳይሆን ሲትሬት ጠይቁ፤ ካርቦኔት የጨጓራ አሲድ ይፈልጋል። ኦሜፕራዞሉ ራሱ አሁንም ያስፈልጋቸው እንደሆነ ሐኪሙን ጠይቂ። በጾም ሰሊጥ ከነገለባው ይረዳል። የጣና ዓሣ ለሚበሉት ሥጋው ጥሩ ፕሮቲን ነው፤ ካልሲየሙ ያለው ግን አጥንቱ ውስጥ ነውና በዓሣ ብቻ አትተማመኑ።